ቃሉን የማይጠብቅ የሥራ ባልደረባ ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይገባል?

በብዙ የግል ድርጅቶች የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ በሂሳብ ክፍል ውስጥ የሚደጋገመው ጥያቄ «ፊርማው ደረሰ ወይ?» የሚል ነው። የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራቸውንና የቀሩባቸውን ቀናት «ፊርማ» በሚባለው መዝገብ አጠናቅሮ የሚያስረክበው የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባ በ22 አደርሳለሁ ያለውን በ27 ሲያመጣ፣ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) የሚሠራው የሂሳብ ሠራተኛ የአንድ ሳምንት ሥራ በሁለት ቀን ለመጨረስ ይገደዳል። ደመወዝ አንድ ቀን ዘግይቶ የገባ እንደሆነ ደግሞ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ፊርማውን ያዘገየውን ሳይሆን ፔይሮሉን የሠራውን ነው። ቃሉን ከማይጠብቅ ባልደረባ ጋር የሚነሣ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ቦታ ነው፤ ሥራውን ያዘገየው አንዱ ሆኖ ሳለ ወቀሳው የሚያርፈው በመጨረሻ በተረከበው ሰው ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለን ዝም እንላለን። የጎደለውን ራሳችን እንሞላለን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለሌላ ሰው እናማርራለን፣ ከዚያም አንድ ቀን በማይሆን ሰዓትና በማይሆን ቦታ እንፈነዳለን። ባልደረባው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ችግር መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ወራት ሙሉ ምንም ሳይባል ቆይቶ በድንገት በሰው ፊት ሲጮኽበት የሚያስበው ስለ ዘገየው ሰነድ ሳይሆን ስለ ተደፈረው ክብሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ስለ ክብር ይሆናል፤ ፊርማው ግን በሚቀጥለውም ወር በ27 ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩን ገና ትንሽ ሳለ፣ ለብቻ፣ ስለ ሥራውና ስለ ቀኑ ብቻ አንሥቶ መነጋገርና የተስማሙበትን በጽሑፍ ማስቀመጥ የመጀመሪያው አማራጭ ሊሆን ይገባል። ዝርዝሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከመናገርዎ በፊት

ሥራው የዘገየበትን ምክንያት ሳያውቁ ሰውየውን ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ የራሳችንን መዘግየት በሁኔታዎች፣ የሌላውን መዘግየት በጠባዩ የማስረዳት ልማድ አለብን። በመሆኑም መጀመሪያ የሚመረመረው የራስዎ አነጋገር ነው። ሥራውን ሲሰጡ ወይም ሲጠይቁ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን በግልጽ ተናግረዋል? «ቶሎ ብትልክልኝ ጥሩ ነው» የሚል ንግግር ቀጠሮ አይደለም። «ሁላችሁም ተባበሩና ይለቅ» ተብሎ በግሩፕ የተጻፈ ሥራም እንዲሁ ለማንም አልተሰጠም። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ገመድ በመጎተት ላይ አድርጎት በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዳቸው ያወጡት ኃይል ብቻቸውን ሲጎትቱ ከሚያወጡት ግማሽ ገደማ ነበር። ከፊሉ ባለመናበብ የሚጠፋ ኃይል ነው፤ ከፊሉ ግን ድርሻው ተለይቶ ያልታወቀ ሰው እጁን ሰብሰብ ስለሚያደርግ ነው። ባለቤቱ በስም ያልተጠራ ሥራ ዘገየ ብሎ አንድን ሰው መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ከውጭ አገር ድርጅት ወይም ደንበኛ ጋር በሚሠራ ቡድን ውስጥ ደግሞ የቀን አቆጣጠሩን ማጣራት ተገቢ ነው። በቃል «ኅዳር 20» የተባለውን አንዱ ኖቬምበር 20 ብሎ ከመዘገበው፣ በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 20 ኅዳር 11 ስለሚሆን በሁለቱ ሰዎች መካከል የዘጠኝ ቀን ልዩነት አለ። አንዱ ዘገየ ብሎ ሲናደድ ሌላው ገና ሳምንት ከሁለት ቀን እንደቀረው ያምናል። «በ9 ሰዓት እንገናኝ» የሚለውም በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል። ይህን የመሰለ ቅሬታ በአንድ አረፍተ ነገር የሚፈታ ስለሆነ ወደ ጠብ ሊያድግ አይገባውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የሰውየው ችግር ዓይነት ነው። የታመመ፣ ልቅሶ ላይ ያለ ወይም የወለደች ባለቤቱን የሚያስታምም ሰው ቀጠሮ አልጠበቀም ተብሎ አይከሰስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባትም ባለቤቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን ይፈቅዳል። በእኛ ማኅበረሰብ የልቅሶ ግዴታ አዋጁ ከሚቆጥረው ዝምድና አልፎ እስከ ጎረቤትና እስከ ዕድርተኛ እንደሚዘልቅ የታወቀ ነው። በየሳምንቱ ልቅሶ አለብኝ የሚል ባልደረባ ሲያጋጥምዎ «ውሸቱን ነው» ከማለት ይልቅ፣ በማይኖርበት ቀን ሥራውን ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ መጠየቅ የተሻለ ነው። ልቅሶ መሄዱን ማንም አይከለክለውም፤ ሰነዱን ቆልፎበት መሄዱ ግን ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ አጣርተው ችግሩ ከቀጠለ ለሁለት ወይም ለሦስት ዙር አጭር ማስታወሻ ይያዙ። ምን ሥራ እንደነበር፣ በስንት ይደርሳል እንደተባለ፣ በስንት እንደደረሰና ምን እንዳስከተለ መጻፍ ይበቃል። ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ጊዜ ቡና ሊጠጣ ወጣ የሚለው የእርስዎ ጉዳይ ስላልሆነ አይጻፍ። የባልደረባን እርምጃ የሚቆጥር ሰው፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ቢሆን እንኳ፣ ሰላይ ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ንግግሩ

ቦታውና ሰዓቱ ከቃሉ እኩል ይመዝናል። የቴሌግራም ግሩፕ፣ የጠዋት ስብሰባና ሦስት አራት ሰው የተቀመጠበት የቡና ሰዓት ለዚህ አይሆኑም። ሰነዱ በዘገየበት በዚያው ሰዓት፣ ደም በሞቀበት፣ መናገርም ትክክል አይደለም፤ በማግስቱ ወይም ወሩ ከተዘጋ በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል መነጋገር ይሻላል። አስቀድመው «ስለ ፊርማው ጉዳይ አሥር ደቂቃ ላነጋግርህ ፈልጌ ነበር፣ መቼ ይመችሃል?» ብለው ይጠይቁ። «የማነጋግርህ ነገር አለ» ብቻ ብሎ መተው ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስል ያሳድራል፤ በማግስቱም መከላከያውን አዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

ንግግሩን ሲጀምሩ የሚጠቅመው የሆነውን ነገር፣ ያስከተለውንና የሚፈልጉትን በተከታታይ መናገር ነው። ባልደረባው በዕድሜ የሚበልጥዎ ከሆነ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ጋሼ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ፊርማው የደረሰኝ በ27 ነው። በ22 ተብሎ ስለነበር ፔይሮሉን በሁለት ቀን መሥራት ግድ ሆነብኝ፤ ሦስት ጥበቃዎች በበዓል ቀን የሠሩት ትርፍ ሰዓትም ሳይገባ ቀረ። በዚህ ወር በ22 እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። እርስዎ ዘንድ የሚያዘገየው ነገር ምንድን ነው?» በአዋጁ መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ2.5 ተባዝቶ የሚከፈል ስለሆነ፣ የተዘለለው ገንዘብ ለአንድ ጥበቃ ትንሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ተጨባጭ ጉዳት ሲነገረው «ምን ይሄን ያህል ያካብዳል» የሚል ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ የሌሉትን ነገሮችም ልብ ይበሉ። «እርስዎ ሁልጊዜ» አልተባለም፤ ሁልጊዜ የተባለ ሰው አንድ ቀን በሰዓቱ ያደረሰበትን ጠቅሶ ነገሩን ያፈርሰዋል። «ሁሉም ሰው የሚያማርረው ነው» አልተባለም፤ ሰውየው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያስበው ማን እንዳማው ነው። አሽሙርም የለበትም። አሽሙር በቤተ ዘመድ መካከል ሊያልፍ ይችላል፣ በሥራ ቦታ ግን የተነገረው ሰው የገባው መሆኑን እንኳ ማረጋገጥ ስለማይቻል የጠቅላላ ቂም ማከማቻ ከመሆን አያልፍም።

ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጡ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ምክንያት ያልጠበቁት ነው። በያዝነው ምሳሌ ባልደረባው «ሁለቱ ቅርንጫፎች ወረቀቱን በሹፌር ነው የሚልኩት፤ ሹፌሩ ደግሞ ወደ ከተማ የሚመጣው በ25 ነው» ሊል ይችላል። ይህ ከሆነ ጉዳዩ የሰውየው ስንፍና አይደለም፤ ቅርንጫፎቹ በ20 የፊርማውን ፎቶ በስልክ ልከው ዋናው ወረቀት በኋላ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው ከተናደደ ሰው ቁጣ ይልቅ የቅርብ ኃላፊው ፈቃድ ነው፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ብትጠይቁም ተቀባይነቱ ይጨምራል።

ምክንያቱ ግን ይህን ያህል ግልጽ ላይሆን ይችላል። «እሺ፣ ከእንግዲህ አይደገምም» ብሎ ፈገግ የሚል ባልደረባ ከሚቆጣው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ እሺታው ንግግሩን ለመዝጋት እንጂ ሥራውን ለመሥራት የተሰጠ ላይሆን ይችላልና። እዚህ ላይ ንግግሩ እንዳይዘጋ ጥቂት መግፋት ያስፈልጋል። «ማጠናቀሩን የምትጀምረው የትኛው ቀን ላይ ነው? መጀመሪያ የየትኛውን ክፍል ትይዛለህ? አንዱ ክፍል ካላመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ አንድን ነገር አደርጋለሁ ብሎ ብቻ ከሚያስብ ሰው ይልቅ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርገው አስቀድሞ የወሰነ ሰው የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በእነዚህ ጥያቄዎች ባልደረባዎን እየመረመሩት ሳይሆን ከእሺታው ውስጥ ቀን እያወጡለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ደግ ሰዎች በንግግሩ መካከል «ችግር የለም፣ እኔ አግዝሃለሁ» ማለት ይቀናቸዋል። ለአንድ ጊዜ መተጋገዝ የሚመሰገን ነው፤ ሥራው ከእጁ ወጥቶ ወደ እርስዎ የሚያልፍበት ውል ከሆነ ግን በሚቀጥለው ወር የሁለት ሰው ሥራ ይዘው ራስዎን ያገኙታል። ሊያግዙ ከፈለጉ የሚያግዙት ምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ይወስኑ፤ «በዚህ ወር የጥበቃዎቹን እኔ አጠናቅራለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን የአንተ ነው» ማለት ይበቃል።

ከንግግሩ በኋላ የሚጻፈው

በዚያው ቀን አጭር መልእክት ይላኩ። «ስላነጋገርከኝ አመሰግናለሁ። እንደተስማማነው ቅርንጫፎቹ ፎቶውን በ20 ይልካሉ፣ አንተ አጠናቅረህ በ22 ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ትሰጠኛለህ፣ እኔም በ26 ፔይሮሉን ለፊርማ አቀርባለሁ። ያሳሳትኩት ካለ አስተካክለኝ።» የእርስዎም ግዴታ እንዲህ ከእርሱ ጎን ተጽፎ ሲታይ መልእክቱ የክስ ወረቀት መስሎ አይታይም። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ደግሞ ቀላል ብትመስልም ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነውና።

ቀኑ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር አይደለም። በ22 ለሚደርስ ሥራ በ20 «ከቅርንጫፎቹ መጣልህ?» ብሎ መጠየቅ ችግሩን ሁለት ቀን ቀድሞ ያወጣዋል። በየሰዓቱ መጠየቅ ግን ሰውን ያሰለቻል፤ በተጨማሪም የማስታወሱ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የእርስዎ እንዲሆን ያደርገዋል።

ቃሉ አሁንም ካልተከበረ የእርሱን ጉድለት በዝምታ መሸፈንዎን ያቁሙ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ይሉኝታ አለና። እዚህ ላይ ሁሉንም ሥራ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም ባይ ነኝ። የአንድ ሪፖርት ሠንጠረዥ ሁለት ቀን ቢዘገይ የሚጎዳው ሪፖርቱ ነው፤ ባዶውን ቦታ ባዶ ትተው «ከዚህ ክፍል መረጃው አልደረሰም» ብለው ማስረከብ ይችላሉ። ደመወዝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዘግይቶ ቢገባ የሚጎዳው የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሠራተኛ እንጂ ፊርማውን ያዘገየው ሰው አይደለም። ከደመወዝ የሚቀነሰው የገቢ ግብርና ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሆነው የጡረታ መዋጮም ወሩ ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ መደረግ ስላለበት፣ መዘግየቱ ሲንከባለል ድርጅቱን ለቅጣት ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ ወገን የሚጎዳበት ሥራ ሲሆን ይሠሩት፤ ግን ከመሥራትዎ በፊት ለኃላፊዎ ያሳውቁ። ማንም ሳያውቅ አምሽቶ የተሠራ ሥራ በሚቀጥለው ወር እንደ መደበኛ ግዴታ ይጠበቅብዎታል።

ሽማግሌና ኃላፊ

ወደ ኃላፊ ከመሄድ በፊት ሁለቱም የሚያከብሩትን አንጋፋ ባልደረባ ማማከር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሊታወቅ የሚገባው ግን የዚህ መንገድ ድክመት ነው። ሽማግሌው «ተዉት፣ አብራችሁ የምትበሉ ሰዎች ናችሁ፣ ይቅር ተባባሉ» ብሎ ሲያስታርቅ ቅያሜው ይነሣል፤ ፊርማው በስንት እንደሚደርስ ግን ማንም አይነጋገርም። ስለዚህ እርቁ ከመዘጋቱ በፊት በትሕትና «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ቀኑንም እዚሁ በእርስዎ ፊት እንወስን» ማለት ያስፈልጋል። ወሬ የሚያመላልስ ሰው ለዚህ እንደማይመረጥ መናገር የሚያሻው አይመስለኝም።

ይህም ካልሠራ ወደ ቅርብ ኃላፊ መሄድ ማሳበቅ አይደለም፤ ማሳበቅ የሚያደርገው አካሄዱ ነው። መጀመሪያ ባልደረባዎን «ጉዳዩ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ነገ ለኃላፊያችን አነሣለሁ፤ ብትፈልግ አብረን እንግባ» ይበሉት። ከዚያ ለኃላፊው የሚቀርበው የሰውየው ጠባይ ሳይሆን ሥራው ይሁን፤ የተስማማችሁበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ ያስከተለው ጉዳት፣ እርስዎ የሞከሩትና አሁን የሚጠይቁት። የሚጠይቁት ነገር ግልጽ መሆን አለበት፤ የማስረከቢያ ቀኑ በኃላፊው ስም እንዲወጣ፣ ሥራው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ፣ ወይም ባልደረባው የተሸከመው ሌላ ሥራ እንዲቀነስለት። «አንድ ነገር አድርጉልኝ» ብሎ የገባ ሰው «እስቲ እናያለን» ተብሎ ይወጣል።

አንዳንድ ሰው በዚህ ደረጃ አዋጁን ማንሣት ይጀምራል። አዋጅ 1156/2011 በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረን፣ ወይም በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው በኋላ ያለ ማስታወቂያ ማሰናበት እንደሚቻል ይደነግጋል። ይህ ግን የአሠሪው ሥልጣን ነው፤ የተቆጠረውም የመግቢያ ሰዓትና ከሥራ መቅረት እንጂ የሰነድ መዘግየት አይደለም። በሥራ ደንቡና በኅብረት ስምምነቱ ሌላ ዝርዝር ሊኖር ይችላል፤ እርሱንም የሚመለከተው የሰው ሀብት ክፍሉ ነው። እኩያ ባልደረባውን «ሊያስባርርህ ይችላል» እያለ የሚያስፈራራ ሰው ከዚያ በኋላ ከማንም ትብብር አያገኝም፤ ስለዚህ አዋጁ ለኃላፊው ይተውለት።

ኃላፊው ራሱ የሰውየው ወዳጅ ከሆነ፣ ወይም ጠብ ፈርቶ ዝም ካለ፣ በጽሑፍ የቅደም ተከተል ጥያቄ ማቅረብ ይረዳል። «ፊርማው በ27 የሚደርሰኝ ከሆነ በ30 ደመወዝ ማስገባትና የወሩን የባንክ ማስታረቂያ መጨረስ አብረው አይቻሉም፤ የትኛው ይቅደም?» ብሎ የተጻፈ ጥያቄ ማንንም አይከስም፤ ውሳኔውን ግን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ምርጫው በጽሑፍ ከመጣ በኋላ የቀረው ሥራ ለምን እንደቀረ የሚጠየቁት እርስዎ ብቻ አይሆኑም።

ባልደረባው ማስተካከል ከጀመረ በሰው ፊት ያመስግኑት፤ «በመጨረሻ ደረሰልን» የምትል ሽርደዳ ግን አትጨመርበት። ሁለት ሦስት ወር በቀኑ ካደረሰ ማስታወሻ መያዝዎን ያቁሙ፣ የያዙትንም ያስወግዱት፤ ኃላፊው ዘንድ ያልደረሰ ጉዳይ ወረቀት ሆኖ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በየወሩ ቀኑን የሚገልጸው አጭር መልእክት ግን ይቀጥል፤ በተለይ በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ የሚረከቡት ሥራ ከሌላው ወር ስለሚበዛ ከቅርንጫፎቹ የሚመጣው ፊርማ ከ20 ቀድሞ በ18 እንዲደርስ በግንቦት ውስጥ መስማማት ይሻላል።